«አት»ን የበላው መስመር

እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ ስልክ ሲፈተሽ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ አንድ ሁለት ሦስት» ማለት ነውር ነው። የሚደፍር ካለ ከእኔ ጋር ይጣላል፤ እኔ ደግሞ ስጣላ አልጥምም። የምንለው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «አትሂጂ»። ሰሚው ወንድ ከሆነ «አትሂድ»። አዲስ የሚቀጠር ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል። አንድ ትልቅ ሰው ጠረጴዛ ተደግፎ፣ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ማዶ ክፍል ለተቀመጠ ባልደረባው «አትሂድ፣ ኧረ አትሂድ» እያለ ሲለማመጥ ብታዩ እናንተስ አትስቁም?

ቃሉን ያመጣው አባቴ ነው። እኔ ገና ልጅ ሳለሁ እሱ ራቅ ካለ ቦታ አንቴና ሊተክል ሄዶ ነበር። እናቴ ደወለችና «እህቴ ዘንድ ልሂድ ወይስ ልጠብቅህ?» አለችው። «አትሂጂ፣ ነገ እመጣለሁ» አላት። በዚያች ቅጽበት ጥሪው ከአንዱ ማማ ወደ ሌላው ሲዛወር መስመሩ «አት»ን ዋጣት። እናቴ የሰማችው «ሂጂ፣ ነገ እመጣለሁ» የሚለውን ነው። ምን ታድርግ፣ ጓዟን ሸክፋ፣ እኔን አንጠልጥላ ሄደች። አባቴ በማግስቱ ሲመጣ በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፍ የለውም። ደረጃው ላይ ከነሻንጣው ቁጭ ብሎ ሳለ ጎረቤት አዝኖለት ሾርባ ሰጠው።

«ሂጂ ያልከኝ ራስህ ነህ!» ትለው ነበር እናቴ።

«አትሂጂ ነው ያልኩሽ፣ ሴትዮ!»

«እኔ በሰማሁት ነው የሄድኩት። የዋጥካትን ‹አት› ሆድህ ውስጥ ፈልጋት!»

እናቴ እስክትሞት ድረስ ይህ ክርክር እኛ ቤት አላለቀም። እንግዳ ሲመጣ እንኳ አንድ ጊዜ ይነሳል፤ እሷ ትስቃለች፣ እሱ የምር ይናደዳል። ከሞተች በኋላ ግን አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም፤ ወደ ሥራው ነው የወሰደው።

አባቴ ኢንጂነር ነው፤ ሙያው የሬዲዮ ሲግናል ነው። የሽቦ አልባ ኔትወርክ ሁሉ የየራሱ ቋንቋ አለው፤ የድሮው ሌላ፣ የአዲሱ ሌላ፣ ቤት ውስጥ የሚሠራው ሌላ። ቀደም ሲል ለያንዳንዱ ቋንቋ የየራሱ ቺፕ ይሠራ ነበር። አንድ መሣሪያ ሆዱ ውስጥ ሦስት አራት ቺፕ ተሸክሞ ይዞራል፤ አንዱ ሲሠራ ሌሎቹ ይተኛሉ። አባቴን ይህ ያንገበግበው ነበር። «አንድ ክፍል ያለው ሰው ምን ያደርጋል?» ይለናል። «ወንበሩን ያዟዙራል። ቀን ይሠራበታል፣ ማታ ይተኛበታል። ቺፑም እንደዚያ ነው የሚሆነው!» እናም አንድ ቺፕ ነደፈ፤ ውስጡ ያሉት ማጣሪያዎችና ድምፅ ፈቺዎች እንደ መጣው ቋንቋ ቦታ እየተለዋወጡ አዲስ ሆነው የሚደራጁ።

ችግሩ ወንበር ማዟዟር ጊዜ መውሰዱ ነው። ለዓይን ቅጽበት ያህል ቢሆንም፣ በዚያች ቅጽበት ቺፑ ደንቆሮ ነው። «አት»ም የምትበላው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ አባቴ ለቺፑ ኪስ ሠራለት። ስሙም ኪስ ነው፣ በሥዕሉ ላይ ሳይቀር እንዲህ ነው የተጻፈው። ቺፑ ቋንቋ ሊቀይር ሲል የት እንደደረሰና የሰማውን ግማሽ ቃል ኪሱ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ወንበሩ ቦታ ሲይዝ ከኪሱ አውጥቶ ይቀጥላል። ኪሱ ካለ «አት» አትጠፋም።

እኔም በአባቴ እግር ገባሁ። ቤት «አባዬ»፣ ሥራ ላይ «ኢንጂነር» እያልኩት አንድ ጠረጴዛ ላይ ሠራን፤ ስንጨቃጨቅ ሰው ሻይ ይዞ እየመጣ ያየን ነበር። ቁጣዬን ከሱ ነው የወረስኩት፤ ሌላ ነገር መውረሴን እጠራጠራለሁ።

አባቴ መርሳት መጀመሩን ሁሉም ሰው ከእኔ በፊት አወቀ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ቀጭኑ፣ ከእኛ ጋር የሚሠራውና ቁመቱ ከአንቴና የሚወዳደረው ባልደረባችን፣ ለካስ አባቴ የሚደጋግመውን ጥያቄ እንደ አዲስ እየመለሰለት ሲሸፍንለት ኖሯል። እኔ ያየሁት የመጨረሻውን ነው። አንድ ጠዋት አባቴ ስክሪኑ ፊት ቆሞ የኪሱን ሥዕል ትክ ብሎ አየና «ይሄን የሠራው ማነው? ጎበዝ ልጅ ነው» አለ።

ቀጭኑ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ቀልድ መስሎኝ። አባቴ ግን አልሳቀም። እኔንና ቀጭኑን እያፈራረቀ አየንና መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ፤ መነጽሩ ንጹሕ ነበር።

ሐኪሙ የሚለውን አለ። አባቴ ቤት ዋለ፤ ታናሽ እህቱ፣ አክስቴ፣ ጓዟን ይዛ አብራው ልትኖር ገባች። ጠረጴዛውን ለእኔ ተወልኝ። ቀጭኑ አንድ ቀን ሊያጽናናኝ ፈልጎ «የኢንጂነር ነገር እኮ ልክ ኪሱ እንደተቀደደ...» ብሎ ሲጀምር «ዝም በል!» ብዬ ጮህኩበት። አባቴ ቺፕ አይደለም። ሰው ነው፣ የእኔ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ቺፑ የሚገጠምበት ቦርድ ሲያልቅ የመጀመሪያውን ጥሪ ለአባቴ ልደውል፤ ድምፄን ሰምቶ «ልጄ» ይበለኝ። እኔን ሳይረሳኝ። ሌላው ቢቀር ይቅር አልኩ።

እዚህ ላይ ሥራ አስኪያጃችን ይመጣል። ትክክለኛ ስሙ ሌላ ነው፤ እኛ «ይበቃል» እንለዋለን። ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ምንም ነገር ከግማሽ ካለፈ ይበቃዋል። አባቴ ከሄደ በኋላ ሥዕሉን አገላበጠና «ይሄ ኪስ የምትሉት የቺፑን ሩብ በልቶታል። በዓይን ቅጽበት የምትጠፋ ድምፅ ማን ያስተውላል? ይውጣ። ያለ እሱም ይበቃል» አለ። እኔ በእነዚያ ወራት አባቴን ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ሳንከራትት ነበር፤ ስመለስ ቦርዱ ያለ ኪስ ተሠርቶ አገኘሁት።

ይበቃል ሰው ሰበሰበ። ስልኩን አንስቶ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ አንድ ሁለት ሦስት» አለ። ቦርዱ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ተሻገረ፤ ሁሉም አጨበጨበ። እንዴት አያጨበጭቡ! «ሃሎ» ላይ «ሃ» ብትበላ «ሎ» አለች፤ የቀረውን ጆሮ ራሱ ይሞላዋል። አባቴ «ሃሎ ማለት ለሌባ በር መክፈት ነው» የሚለው ለዚህ ነበር።

«እኔም ልሞክረው» አልኩና ቀጭኑን ማዶ ክፍል ላክሁት። ደወልኩለት። ልክ ቦርዱ ሲሻገር «አትሂድ» አልኩት። ጠበቅን። መልስ የለም። ክፍሉን ብናይ ባዶ ነው፤ ቀጭኑን የአጥሩ በር ላይ ኮቱን ለብሶ አገኘነው።

«ምነው?» አለው ይበቃል።

«ሂድ አለችኛ! ሄድኩ!»

ሰዉ በሳቅ ወደቀ። ይበቃል ግን አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅኩም።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ደግ ቀኑ ነበር። መስኮቱ ሥር ተቀምጦ አክስቴን ስለ አሮጌው ራዲዮ ይነተርካታል። ስገባ ስሜን ጠርቶ «ከስተሻል አንቺ» አለኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። እንዲህ ያለ ቀኑ እያነሰ መምጣቱን አውቃለሁና እዚያው ቆሜ ነገርኩት።

«አባዬ፣ ቦርዱ እየሠራ ነው። ነገ ልደውልልህ። የመጀመሪያውን ጥሪ ላንተ።»

ፊቱ በራ። ወዲያው ደግሞ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አየኝ። «ኪሱስ?»

መዋሸት ይቻል ነበር። እሱን ግን ማን ይዋሸዋል? «ተቆርጧል» አልኩት።

«እንግዲያው አትደውዪልኝ።»

«አባዬ...»

«‹ሂጂ› ከሚልብኝ ቦርድ ዝም የሚለኝ ይሻለኛል። ጎደሎ ይዘሽ እንዳትደውዪልኝ። ሲሞላ ደውዪ።»

«ኪሱን ለመመለስ እኮ ከመጀመሪያው መንደፍ ነው። ብዙ ጊዜ ይፈጃል፤ አንተ ደግሞ...» አልጨረስኩትም። ምን ብዬ እጨርሰዋለሁ?

«እኔ ደግሞ ጊዜ የለኝም» አለ ራሱ። «አውቃለሁ። መርሳቴን አልረሳሁም እኮ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ያቺ ‹አት› እናትሽን ወስዳብኛለች» አለኝ።

«ተመልሳለች እኮ አባዬ። በሳምንቷ ተመልሳለች።»

«ተመልሳለች» አለ። «ቢሆንም እኔ በር ላይ ተቀምጬ ‹ሂጂ ብሎኝ ነው የሄድኩት› ብላ ታስብ ይሆን እያልኩ ነበር። ፈልጌ እንዳልላክኋት በምን ታውቃለች? ሰው የሰማውን ነው የሚያምነው።»

ተናደድኩበት። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሊረሳኝ ነው፣ እሱ ስለ አንዲት ፊደል ይሟገተኛል! በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ ግን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አክስቴ ተከትላኝ ወጥታ «ያው እሱ ነው፤ አንቺም ያው ነሽ» ብላ ራሴን ዳበሰችኝ። እውነቷን ነው። በጎደሎ ቦርድ ብደውልለት ደስ እንደማይለኝ እኔም አውቀው ነበር።

በማግስቱ ይበቃል ቢሮ ገባሁ። ምን አለፋችሁ፣ ተጯጯህን። ከጩኸቱ መጨረሻ ላይ «ካልሆነ ሂጂ በለኝ፤ እሱን እንኳ ያለ ኪስም እሰማዋለሁ» አልኩት። ፊቱን በሁለት እጁ አሻሸና «በቃ፣ እሺ። ግን ኪሱ ቦታ እንዳይበላብኝ» አለ።

እንዴት ተደርጎ? ስንት ቀን ራሳችንን ያዝን። በመጨረሻ ቀጭኑ የተኛውን ማጣሪያ በጣቱ እየጠቆመ «ይሄ ሰውዬ በሽግግር ሰዓት ሥራ የለውም። እስኪነቃ ድረስ ለምን ኪስ አይሆንም?» አለ። አቀፍኩት፤ አገጬ ደረቱ ጋ ነው የደረሰው። የአባቴ ሐሳብ እኮ ነው፣ ወንበሩን አዟዙር የሚለው፤ ኪሱንም ራሱን ከወንበር ሠራነው። እንደገና ነደፍን፣ ፈተሽን፣ ሰረዝን፣ ነደፍን። ከዚያ ቺፑ ተሠርቶ እስኪመጣ መጠበቅ ሆነ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እያልኩ ራሴን እይዛለሁ፤ ልቤ ግን አይያዝም። ዝናቡ መጥቶ ሄደ።

አባቴ በዚህ መሀል በየሳምንቱ ራቀ። መጀመሪያ ላቦራቶሪውን ረሳ። ቀጥሎ የእናቴን ሞት። «የት ሄደች?» ሲላት አክስቴ ምን ትበል፣ «እህቷ ዘንድ» ትለዋለች። እሱም ራሱን እየነቀነቀ «አትሂጂ ብያት ነበር» ይላል።

አንድ ቅዳሜ ደግሞ በሩን ራሱ ከፈተልኝ። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል። አየኝና ፈገግ ብሎ ጎንበስ አለ።

«ይግቡ፣ ይግቡ። ቤት ለእንግዳ።»

አባቴ በሕይወቱ «አንቺ» እንጂ ሌላ ብሎኝ አያውቅም። ሲቆጣ «አንቺ ልጅ»፣ ሲወደኝ «አንቺ ቀበጥ»። ያደግኩበት ሶፋ ላይ እንደ ባዳ ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ። «ሻይ ይጠጣሉ?» አለኝ። «እጠጣለሁ» አልኩት። «ከየት ነው የመጡት? ሩቅ ነው?» አለኝ። «ሩቅ አይደለም» አልኩት። ሻዩን ሲያቀብለኝ እንዳይፈስ ሲጠነቀቅ አየሁት፤ ለእንግዳ እንደሚጠነቀቁት። «እርስዎ» የምትባለው ቃል እንዲህ ስለት እንዳላት አላውቅም ነበር።

ቺፑ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የፍተሻው ቀን ክፍሉ በሰው ሞላ። ይበቃል ከረባት አስሯል። ሦስት ትንንሽ የሬዲዮ ጣቢያዎች ጥግ ጥግ ላይ ተተክለዋል፤ እያንዳንዱ የየራሱን ቋንቋ ይናገራል። ጥሪው በአንደኛው ይጀመራል፤ ቀጭኑ ጣቢያዎቹን ተራ በተራ ሲያጠፋቸውና የመጀመሪያውን መልሶ ሲያበራው ቦርዱ ቋንቋ እየቀየረ፣ መጨረሻም ወደ መጀመሪያው ተመልሶ፣ ጥሪውን ሳያቋርጥ መያዝ አለበት። ድምፁን ሁሉም እንዲሰማው በስፒከር ተለቋል። ደዋይዋ እኔ ነኝ። የምደውለው አባቴ ቤት ነው። ቀጭኑ «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ በሹክሹክታ። «ሲሞላ ደውዪ ብሎኛል» አልኩት። አክስቴን አደራ ብያታለሁ፤ እሱ ካልሆነለት የፍተሻውን ቃል እሷ ትለዋለች።

ስልኩን ያነሳው ግን አባቴ ራሱ ነው።

«ማን ልበል?»

ድምፁ ክፍሉን ሞላው። «እኔ ነኝ» አልኩ። ሰው ቤቱ ሲደውል ሌላ ምን ይላል?

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ድምፅዎን አላወቅኩትም።»

ቀጭኑ አንደኛውን ጣቢያ አጠፋ። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ቀለም ቀየረ። ከአባቴ ድምፅ አንዲት ፊደል አልጎደለችም።

«ከላቦራቶሪ ነው» አልኩት። «ቦርዱን ልንፈትሽ።»

«አሃ፣ ቦርዱን!» ድምፁ ሞቅ አለ። «እንግዲያው ልጄን ያውቋታል። እዚያ ነው የምትሠራው።»

«አውቃታለሁ።»

«ቁጡ ናት፤ አይቀየሟት። ከእኔ ነው የወሰደችው። ልቧ ግን ንጹሕ ነው። ጎደሎ ይዘሽ እንዳትደውዪ ብያታለሁ። አጠፋሁ መሰለኝ። እስካሁን አልደወለችም።»

ሁለተኛው ጣቢያ ጠፋ። መስመሩ ቀለም ቀየረ። ድምፁ ጥርት እንዳለ ነው፤ ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማል።

«ሲሞላ ትደውላለች» አለ አባቴ። «እጠብቃታለሁ። ስልኩን ከአጠገቤ አላርቀውም።»

«ሞልቷል አባዬ» አልኩት። አመለጠኝ። «ሞልቷል እኮ፣ ይኸው ደወልኩ።»

ይበቃል በእጁ ምልክት ሰጠኝ፤ እንደ ልማዱ በቅቶታል። የቀረው አንድ ሽግግር ነው። አባቴን ከዚህ በላይ ሰው ፊት ላቆመው አልፈለግኩም፤ ራሴንም። «በል እንግዲህ፣ ልዝጋው» አልኩ፤ ቀጭኑም አንደኛውን መልሶ አበራና ሦስተኛውን ጣቢያ አጠፋ።

«አትሂጂ» አለ አባቴ።

ልክ መሻገሪያው ላይ ነው ያለው፣ ያኔ «አት» በጠፋችበት ቦታ። «አይሂዱ» አላለም። «አትሂጂ» ነው ያለው፤ ሙሉውን፣ ከነ «አት»ዋ። ሰዉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ፣ ይበቃል ቀጭኑን ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ቀጭኑ አላጨበጨበም፤ አቀርቅሮ ጫማውን ያያል። ለእኔ ይበለው፣ ለእናቴ ይበለው፣ ወይ አፉ እንደለመደው የሥራ ቃል ይበለው አላውቅም። እኔ ግን በሰማሁት ነው የምኖረው።

«አልሄድም አባዬ» አልኩት፤ ጭብጨባው እስኪያልፍ ጠብቄ። «እዚሁ ነኝ። የትም አልሄድም።»

መስመሩ አልተቆረጠም። ሲተነፍስ ይሰማኛል።

«ማን ልበል?» አለኝ።